የአባባ ስክሪን

ይድረስ ለምወድህና ለናፈቅከኝ ታናሽ ወንድሜ ለኦፎሪ፤ ሃምቡርግ።

ለመሆኑ እንደምን ከርመሃል? ሳጥን ሳነሳ ተቀጨ ያልከኝ ወገብህ ተሻለው ወይስ አሁንም እያነከስክ ነው ሥራ የምትገባው? ባለቤትህ ሰርዋስ እንዴት ናት? የሌሊት ፈረቃዋን ቀየሩላት? ትንሹ ፓፓስ ጥርሱን ጨረሰ? እኛን ይመስላል ወይስ ወደ እናቱ ሄደ? ስለ እኛ ከጠየቅክ፣ አለን። መንገድ ላይ ሰው ሲያገኘኝ «ደህና ነን» እላለሁ፤ ሁሉም እንዲያ ነው የሚለው። ለአንተ ግን እውነቱን ልንገርህ፤ ደክሞኛል፣ ኦፎሪ። ተኝቼ ስነሳ እንኳ የማይለቀኝ ድካም ነው። ስልክ ላይ ብነግርህ «እሺ እታለም፣ እሺ» ትለኝና ወዲያው ሰው ይጠራሃል። ወደ አንተ የሚመጣ ሰው ሳገኝ ጊዜ ነው ቁጭ ብዬ በእጄ ልጻፍልህ ያልኩት።

ከአባባ ልጀምር። ሰውነታቸው ደህና ነው፤ ይበላሉ፣ ይቆጣሉ። ዓይናቸው ነው እንጂ። የዓይን ሐኪሟ ጠብታው ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም ብላናለች። ከጎን ከጎን እየጠበበባቸው አሁን በሸምበቆ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ሆነዋል። ፊቴን ለማየት አንገታቸውን እንደ ዶሮ ያዞራሉ። «ለመጪው ፋሲካስ ያያሉ?» ብዬ ለብቻዋ ብጠይቃት «ቃል አልገባልሽም» አለችኝ። ይህን በልብህ ያዝልኝ። ከዚህ በታች የምጽፍልህ ሁሉ ዞሮ ዞሮ እዚያው ላይ ነው የሚያርፈው።

የላክልን ላፕቶፕ ደርሶናል፤ እግዜር ይስጥህ። መልእክትህን ራሳቸው ያንብቡ፣ ፊቴንም ይዩ ብለህ ነው፤ ሐሳቡ መልካም ነበር። እኔ ሳነብላቸው እንደሆነ አያምኑኝም፤ «አንቺ ስታነቢ ጨው ትቀንሺበታለሽ» ይሉኛል። ግን ገና ስንከፍተው ስክሪኑ የቀትር ፀሐይ! እጃቸውን ዓይናቸው ላይ ጭነው «አጥፊው! አጥፊው ብዬሻለሁ!» አሉ። ፊደሉ የጉንዳን መንጋ ነው፤ ጠቋሚዋ ቀስትም ዝንብ አታህልም። ደግሞ ታውቃቸዋለህ፣ ዕድሜ ልካቸውን የጭነት መኪና ላይ ጥቅስ ሲጽፉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ በፊደልና በቀለም ቀልድ አያውቁም። «ይህን ሰማያዊ የቀባው ማነው? አቧራ አይቶ አያውቅም እንዴ? ፊደሉስ ቢሆን እግር የለው! መኪና ላይ ብጽፈው ኩማሲ ሳይደርስ ይወድቃል» አሉ። በሳቅ ሞትኩ። ከዚያ በኋላ ግን አልሳቅኩም፤ አስተካክይ የተባልኩት እኔ ነኛ።

ቀኑን ሙሉ መኪና ተራው አጠገብ ባለችው ሱቄ ስተይብና ሳትም እውላለሁ። አመሻሽ ላይ እግሬን እየጎተትኩ እመጣና የኮምፒውተሩን ማስተካከያ እከፍታለሁ። ፊደሉን ሳሳድገው «ጨምሪ» ይላሉ። ስጨምር «አሁን በዛ፤ ቃሉ ለሁለት ተሰበረ» ይላሉ። ቀስቷን አውራ ጣት አሳከልኳት። ምልክቶቹን ሁሉ ጠራርጌ ሁለት ብቻ ተውኩላቸው፤ አንዱ ለመልእክት፣ አንዱ የአንተን ፊት ለማየት። ሲከፈት የሚያሰማውን ድምፅ ጠሉትና አጠፋሁት። በማግስቱ ደግሞ «በር ሳያንኳኳ የሚገባ ምን ዓይነት ባለጌ ዕቃ ነው?» ብለው አስመለሱኝ። ሲጨልምባቸው ማብሪያውን ፈልገው ስለማያገኙት በራሱ እንዳይጨልምም አደረግኩት። በመጨረሻ ጀርባውን ጥቁር፣ ፊደሉን ቢጫ ሳደርገው ዓይናቸው እፎይ አለ። «ይኼ ነው!» አሉ። ስለ ፓፓ ትኩሳት የጻፍክላቸውን ጣታቸውን በየቃሉ ሥር እያስኬዱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ራሳቸው አነበቡት። እንባቸውን ሲጠርጉ እንዳላየ ሆኜ ወደ ጓዳ ገባሁ።

ምነው እዚያ ላይ ብተወው ኖሮ! ሲከፍቱት ደስ ይበላቸው ብዬ ፎቶአቸውን መግቢያው ላይ ላድርግላቸው አልኩ፤ ያችን ትልቁን ኩታ ለብሰው የአጎታችን ልጅ ሠርግ ላይ የተነሷትን። ሱቄ ውስጥ ሳምንቱን ሙሉ ምን እንደምሠራ ታውቃለህ፤ የሞት ማስታወቂያ ነው። መደቡ ጥቁር፣ መሐሉ ላይ ፎቶ፣ ዙሪያውን ቀይ መስመር፣ ከሥሩ ስም በትልቁ፣ ከስሙ ሥር ቀን። ያን ዕለት ዓይኔ እየተከደነ ነበር የምሠራው፤ እጄም የለመደውን ሠራ። በጥቁሩ ላይ ፎቶአቸውን አስቀመጥኩ፣ ዙሪያውን ቀይ አደረግኩ፣ «ኦፓኒን ኩዋኩ አሲያማ» ብዬ ከነሽማግሌ ማዕረጋቸው በትልቁ ጻፍኩ። የዕለቱ ቀን ከሩቅ ይታያቸው ብዬም ከስማቸው ሥር አወረድኩት። እንዴት ያምራል ብዬ ተኛሁ፣ እኔ ሞኟ።

በማግስቱ አባባ ከፍተው አዩት፤ ፎቶአቸውን ወደዱት፤ እሳቸው እንደሆነ መሐሉን እንጂ ዳሩን አያዩም። እዚያው በረንዳው ጠረጴዛ ላይ እንደተከፈተ ትተውት ዳማ ሊጫወቱ ወደ ጓደኛቸው ሄዱ። አክስታችን ሳርፖማ ከገበያ ስትመለስ ጎራ አለች። ከደጅ ሆና አየችው። ወንድሟን በፎቶ፣ በጥቁርና በቀይ መሐል፣ ከነስሙ ከነቀኑ! ሳርፖማ ሁለቴ የምትጠይቅ ሰው አይደለችም። ዘንቢሏን ጥላ፣ እጇን አናቷ ላይ ጭና፣ «ዋይ ወንድሜን! ዋይ ጋሻዬን! ለእኔ ሳትነግሩኝ ፎቶውን አወጣችሁት?» እያለች ወደ መንገዱ ወጣች። እኔ የሰማሁት ሱቄ ውስጥ ከአንድ ደንበኛ ነው። «አንቺ ሴት፣ አባትሽ ሞተው የሰው ማስታወቂያ ትሠሪያለሽ?» አለኝ። እንዴት አድርጌ ቤት እንደደረስኩ አላውቅም።

ስደርስ ግቢው ጥቁርና ቀይ የሐዘን ልብስ በለበሰ ሰው ሞልቷል። ወንበር አከራዩ ሳይጠራ ድንኳኑን ጭኖ መጥቷል፤ ሳርፖማ እያለቀሰች ዋጋ ትከራከረዋለች። ይህን ጊዜ ነው አባባ መሬቱን በዱላቸው እየመቱ ከዳማቸው የተመለሱት። ግርግሩን ሰምተው እኛ ቤት ለቅሶ አለ አሉ፤ ለቅሶ ቤት የገባ ሰው ደግሞ ምን እንደሚያደርግ ያውቃሉ። እንደ ሥርዓታችን ከቀኝ በኩል ጀምረው የተቀመጠውን ሰው ሁሉ እየጨበጡ «አይዟችሁ፣ ማንን አጣን?» እያሉ መዞር ጀመሩ። እጁን የሰጣቸው ሁሉ እንደ ድንጋይ ደርቆ ቀረ። ሳርፖማ ጋ ሲደርሱና «ማነው የሞተው፣ እህቴ?» ሲሏት እጃቸውን ለቃ ወደ ኋላዋ ወደቀች። አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ግቢው በሙሉ ሳቀ። እሳቸውም ነገሩ ሲገባቸው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። «በቁሜ ቀበርሽኝ፣ ኮናዱ!» አሉኝ። ዓይኖቻቸው ከታመሙ ወዲህ እንዲያ ሲስቁ አይቼ አላውቅም።

ከዚህ በኋላ ያለውን አንተም ታውቀዋለህ። የማታውቀው ግን አባባ መስማታቸውን ነው። ሳርፖማ አባባ ከመምጣታቸው በፊት ደውላልህ ነበር። አንተም አልቅሰህ፣ «እኔ ሳልደርስ እንዳይቀበሩ፣ ሐሙስ እገባለሁ» አልካት። ለቅሶተኛው ሁሉ «ልጅ ማለት እንዲህ ነው» ብሎ መረቀህ። ሳቁ ገና ሳይበርድ መልሰህ ደወልክ። ሳርፖማ ስልኳን እንደ ልማዷ በድምፅ ማጉያ ነው የምታነሳው፤ መደበቅ የሚባል ነገር አልተፈጠረባትም። «ውሸት ነው ልጄ፣ በሕይወት አለ፣ ይኸው አጠገቤ ቆሞ ይስቃል» አለችህ። አንተም «ተመስገን! ተመስገን!» አልክ፤ ድምፅህ ተንቀጠቀጠ፣ ሰምቼሃለሁ። ቀጠልክና «እንግዲያው ትኬቱን ልተወው፤ ከሥራ የወሰድኩትን ፈቃድም ልመልስላቸው። ለቁም ነገር ሲሆን እመጣለሁ» አልክ።

አባባ መሳቃቸውን አቆሙ። የሚቀመጡበትን በዱላቸው ፈልገው ተቀመጡና «ለሬሳዬ መንገድ ተገኝቶ ነበር» አሉ። ሰውም አንድ በአንድ እየተነሳ ወጣ፤ አከራዩም ድንኳኑን ጫነ።

አልፈርድብህም፣ ኦፎሪ። የሰው አገር ሥራ እንዴት እንደሆነ ይገባኛል፤ አባቴ ሞተ ለሚል ፈቃድ ይሰጣሉ፣ አባቴ ናፈቀኝ ለሚል አይሰጡም። ክፋት አስበህ እንዳልተናገርከውም አውቃለሁ። ግን እኔ ነኝ ፊታቸውን ያየሁት።

ከሞት የተረፈ ሰው ወጉ አይቀርበትምና በማግስቱ ነጭ አለበስናቸው፤ ያም የሚባለውን ሥራሥር ቀቅዬ በቀይ የዘንባባ ዘይት ለውሼ፣ እንቁላል ደርድሬበት ኤቶ አቀረብኩላቸው። እንቁላሉን በሉና ላፕቶፑን በጣታቸው አሳዩኝ። «ለእሱም ከሉን አውልቂለት፤ በሕይወት ያለ ሰው ነጭ ነው የሚለብሰው» አሉ። «አባባ፣ ነጩ ዓይንዎን ይወጋዎታል፤ አያነቡበትም» ብላቸው ማን ሰምቶኝ! ነጭ አደረግኩት። ትንሽ ታገሉት፤ እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ፤ አንድ መስመር እንኳ ሳያነቡ ዘጉት። ጥቁሩን ልመልሰው ብል «ሁለተኛ አትግደይኝ» አሉ። ኩታቸውን አለበሱትና እዚያው ቀረ። መልእክቶችህ ተጠራቀሙ። ደወልክ፣ አላነሱም። ያን ሰሞን ነው «ኔትወርኩ ነው» ያልኩህ፤ ኔትወርኩ አልነበረም።

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ጠሩኝ። «‹መንገድ ይመልሳል› ብዬ የጻፍኩባትን የሙዝ መኪና ታስታውሻለሽ? ቀለሟ ምን ነበር?» አሉኝ። «አረንጓዴ» አልኩ። «አረንጓዴ ብሎ ቀለም የለም! እንዲህ እያልሽ ነው ሱቅ የከፈትሽው?» ብለው ተቆጡ፤ መቆጣታቸው እንዴት ደስ እንዳለኝ! ኩታውን ገፈፍኩና ቀለም መምረጫውን ከፈትኩ። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው በአፋቸው ያዛሉ፣ እኔ እቀይራለሁ። «ጥቁር ጨምሪበት። በዛ። አሁን ቢጫ ጠብ አድርጊበት፣ ጠብ ብቻ። ዝናብ የመታው የሙዝ ቅጠል ይሁን፤ ከሥሩ በኩል ያለው እንጂ ከላይ ያለው አይደለም።» ይገልጡና ያያሉ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ እንደገና ይጨፍናሉ። ወገቤ ተቆረጠ፣ እራቴም አረረ። ፊደሉን ደግሞ ነጣ አድርገን የተላጠ ያም አስመሰልነው። አንገታቸውን አዞሩ፣ ቀረቡ፣ ራቁ። ከዚያ ያለ እኔ እርዳታ «የሰርዋ ስልክ ተበላሽቷል» ብለው የአንተን መልእክት ጮክ ብለው አነበቡ። ጭንቅላቴን ጠረጴዛው ላይ አስደግፌ አለቀስኩ። እሳቸው «ምን ሆነሻል፣ ስልኩ እኮ ይጠገናል» አሉኝ።

ሰኞ ጠዋት በሩን ዝጊልኝ ብለው ብቻቸውን ከላፕቶፑ ጋር ዋሉ። በአንድ ጣት ፊደል ሲለቅሙ ከውጭ ይሰማኛል። ምሳ ሰዓት ላይ ጠርተው የጻፉትን አሳዩኝና «ይህን ከኋላ አድርጊልኝ፤ በመኪና ግንባር ላይ እንደምጽፈው፣ ምንም ቢከፈት ከጀርባው እንዲኖር» አሉ። እንዳሉኝ አደረግኩላቸው።

ወንድሜ፣ እኔ ጀርባዬ ላይ አዝዬ ያሳደግኩህ ነኝና አትቀየመኝ። ድንኳንና ማስታወቂያ የእኔ ሥራ ነው፤ ቀኑ ሲደርስ አሳምሬ እሠራዋለሁ፣ አንተ ባትኖርም ይቀበራሉ። አንተ ብቻ ልትሠራው የምትችለው ነገር ግን አንድ ነው፤ እሱም ቀብር ላይ የሚሠራ አይደለም።

አክስታችን ሳርፖማ ሰላም ብላሃለች፤ አሁን ከመጮኋ በፊት በር ታንኳኳለች። ልጄ ማንሳ ለፓፓ የሰፋችለትን ሸሚዝ ልካለች፤ ቢጠበው ወንድም ይምጣለትና ይውረሰው ብላለች። ወንበር አከራዩ እንኳ ሰላምታ ልኳል፣ ውለታ እንደዋለልን ሁሉ። ሰርዋን ሳምልኝ፤ ፓፓን በሁለቱም ጉንጩ ሳሚልኝ በላት። አባባን «ምን ልበልልዎት?» ብላቸው «እኔ ሰላምታዬን ጽፌአለሁ» አሉ። እውነታቸውን ነው። ላፕቶፑን በከፈትኩ ቁጥር ከሁለቱ ምልክቶች ኋላ፣ በሙዝ ቅጠሉ ላይ በያም ቀለም ተጽፎ አየዋለሁ፤ አንተ በር ላይ እስክትቆም ድረስም አላነሳውም።

«ልጄ ኦፎሪ፣ አልሞትኩም። ዓይኔ ቀድሞኝ ሳይሞት ና።»

እህትህ ኮናዱ
ንካውካው፣ ጋና
ጁን 9 ቀን 2024