ዶሮዬን ስጠራ «አቤት» ላሉት ለጓድ ዳኘው

ይድረስ ለተከበሩ ጓድ ዳኘው፣ ለቀበሌያችን ሊቀ መንበር፤ ባሉበት፣ በተለይም በወንበርዎ ላይ።

ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ ከሁሉም በላይ ሆድዎ ደኅና ነው? እኔ ከልጄ ናፍቆት በቀር ደኅና ነኝ። ይህን ሂስ በኅብረት ሱቁ በር ላይ ለጥፌው፣ ለስኳር የተሰለፈው ሕዝብ ከእርስዎ ቀድሞ ስላነበበው አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ጥፋቱ ግን የእርስዎ ነው፤ የመሠረተ ትምህርት የምስክር ወረቀቴን በእጅዎ ሲሰጡኝ፣ «እናቶች፣ ከእንግዲህ በየጓሮው ማማት ይቅርና ሂሳችሁን በጽሑፍ፣ በአደባባይ!» ብለውን ነበር። እኔ ደግሞ የተነገረኝን የምሰማ ሴት ነኝ፤ ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቅርቤያለሁ።

፩ኛ. ስለ ልጄ ስለ ሰገነት አመሰግናለሁ። እንደሚያውቁት አስተማሪ ናት፤ አምና ለሁለተኛ ዲግሪ መግቢያ አዲስ አበባ ሄዳ የእንግሊዝኛ ፈተና ልትቀመጥ ነበር። ፈተናው የሚጠይቀው እንግሊዝኛ ደግሞ በሬዲዮ የምንሰማው ዓይነት አይደለም፤ እንግሊዞቹ ራሳቸው ለክት ያስቀመጡት ቃል ነው። ከፔዳ፣ ከመምህራን ኮሌጁ፣ በተዋሰችው መጽሐፍ ላይ ዐይኗ እስኪቀላ ብታፈጥ ቃሉ ጧት ገብቶ ማታ ይወጣል። እኔም «ልጄ፣ ባለቤት የሌለው ስም አይያዝም፤ ለዶሮዎቹ አውጪላቸው» አልኋት። ሴራው ይኸው ነው፤ ሌላ የለውም።

ስታስካካ የምትውለዋ ጥቁሯ ዶሮ «ሎኳሸስ» ተባለች፤ ለፍላፊ ማለት ነው። እንቁላል የምትሰስተው ገብስማ «ፓርሲሞኒየስ»፣ ቋጣሪ። እኔ ጥሬ እየበተንሁ ስማቸውን እጠራለሁ፣ ሰገነት ከቤት ውስጥ ሆና ትርጉሙን ትመልሳለች። ጎረቤቴ ሐሊማ እንኳ በአጥሩ ላይ ብቅ እያለች «አንቺ አገርነሽ፣ ያቺ ፓርሲሞኒየስሽ ዛሬም አልጣለችም?» ትለኝ ጀመር። ቀዩ አውራ ዶሮ ደግሞ የጥራጊ ክምር ላይ ወጥቶ ደረቱን ሲነፋ ሌሊቱን እሱ ያነጋው ይመስለው ስለነበር «ፖምፐስ» አልነው።

፪ኛ. ስለ ንቃትዎ አመሰግናለሁ። ጥበቃዎ በአጥር ሰምቶ «እናትና ልጅ የባዕድ ምስጢር ይለዋወጣሉ» ቢልዎ ሥራዎን ጥለው፣ ታጣቂ አስከትለው ደሳሳ ግቢዬ ድረስ መጡልኝ። የዶሮዎቹን ስም አንድ በአንድ እያስተረጎሙ ሲስቁ ቆዩና ፖምፐስ ጋ ስንደርስ፣ ልጄን መዋሸት ስላላስተማርኋት፣ «ሳይሠራ ራሱን የሚክብ፣ ባዶ ጉረኛ ማለት ነው» ስትልዎ ፊትዎ ተለወጠ። «ይህ ማንን ለመንካት ነው?» አሉ። ጓድ ዳኘው፣ በእግዚአብሔር ስም፣ ይቅርታ፣ በሰፊው ሕዝብ ስም፣ እርስዎን ያነሣ ሰው አልነበረም። እኔ ዶሮዬን ስጠራ አቤት ያሉት እርስዎ ነዎት።

፫ኛ. ዶሮውን «ለምርመራ» ስለወሰዱልኝ። ምርመራው በቤትዎ ማድቤት፣ በሽንኩርትና በበርበሬ እንደተካሄደ ሽታው ለሰፈሩ ሁሉ ሪፖርት አድርጓል።

፬ኛ. ልጄ አዲስ አበባ የምትሄድበትን የይለፍ ወረቀት ስለከለከሉን። ልጄ ደጅዎን ስትጠና ከረመች፤ ማኅተሙ ጠረጴዛዎ ላይ ተቀምጦ እያያት «ጉዳይሽ በጥናት ላይ ነው» ይሏት ነበር። የፈተናው ቀን አለፈ። ያን ቀን ሰገነት ጓሮ ገብታ ሎኳሸስን አቅፋ አለቀሰች፤ ያቺ አፏ የማያርፍ ዶሮ እንኳ ዝም አለች። እዚህ ላይ ምስጋና ብፈልግ አጣሁ። ቂም ግን አላጣሁም፤ እንደ ድፍድፍ በጋን ከድኜ ዓመቱን ሙሉ ሳብላላው ኖርሁ።

፭ኛ. የአገራችንን መንገድ ስላስጠኑን። ዘንድሮ ፈተናው ሲደርስ በርዎን አላንኳኳንም። ሰገነት በጀልባ ጣናን ተሻገረች፤ ደልጊ ትውረድ ጎርጎራ አልነግርዎትም። ከሐይቁ ማዶ ዘመድ አናጣም፣ ማኅተም ያለው ዘመድ። ወረቀቷን ይዛ በጎንደር ዞረች። ከጎንደር አዲስ አበባ የሚሄደው አውቶቡስ ደግሞ በየት በኩል እንደሚያልፍ ከእርስዎ የተሠወረ አይደለም። በገዛ ከተማዋ በባሕር ዳር፣ በአፍንጫዎ ሥር ልጄ ነጠላዋን እስከ ዐይኗ ተከናንባ አለፈች። ኬላው ላይ ተራ ደርሶት የቆመው ያው ዶሮ ሰሚው ጥበቃዎ ነበር። ማኅተሙን እንጂ ፊቷን አላየም፤ እርስዎ ያሠለጠኑት እንደዚያ ነዋ! እንዲያውም «መልካም ጉዞ፣ እናቴ» ብሏታል። ትሕትናውን አደራ ያመስግኑልኝ።

ፈተናውን አለፈች፣ ጓድ ዳኘው። ዛሬ የምትኖረው እዚያው አዲስ አበባ፣ ከማኅተምዎ ጥላ ውጪ ነው። ስትጽፍልኝ ምን አለችኝ መሰለዎት? «እማዬ፣ ፖምፐስ የሚለው ቃል መጥቶ ነበር። ላስብ እንኳ ሳልል የጓድ ዳኘው ፊት ድቅን አለብኝና መለስሁት።» እነሆ፣ ለልጄ ትምህርት ያደረጉት አስተዋጽኦ ይህ ነው፤ አልካድሁዎትም።

ወንበርዎ እስኪያረጅ ጤናዎን፣ ጤናዎ እስኪመለስ ደግሞ ከወንበርዎ ዕረፍትን እየተመኘሁ፣ በሰጡኝ ፊደል ውለታዎን ለመክፈል የበቃሁ ታዛዥዎ፣

ወይዘሮ አገርነሽ፣ የሟቹ ፖምፐስ ባለቤት
ባሕር ዳር፣ ሐምሌ ፲፱፻፸፱ ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፦ ፖምፐስ ልጅ ሳይተካ አልሞተም፤ ያው ቀይ፣ ያው ደረት ነው። የባዕድ ቋንቋ እንዳይከነክንዎ ብዬ ይህኛውን በንጹሕ አማርኛ «ዳኘው» ብዬዋለሁ። ለእንቁጣጣሽ ይታረዳል። እስከዚያው በአጥሬ ሥር ሲያልፉ ስጠራው ከሰሙ፣ እባክዎ፣ አቤት አይበሉ።