ያልተቃጠልኩት እኔ

ጥቅምት 3
ዛሬ አንሶላ በዝቶብን ዋለ። ሆቴሎቹ ሁሉ ተነጋግረው የላኩ ነው የሚመስለው። ላውንደሪው መረገጫ አጣ። ከሰዓት መተኮሻው ማሽን «ሽሽሽ» ብሎ እንፋሎቱን ሲለቅ... ራሴን መንገድ ላይ አገኘሁት። እርጥብ አንሶላ ታቅፌ። እንዴት ወጣሁ?
ባለሱቁ «እትዬ፣ ልብስ መነገድ ጀመሩ እንዴ?» አለኝ። ሳቅኩለት። አንሶላውን እንደታቀፍኩ ተመለስኩ።

ጥቅምት 4
የላውንደሪው ቦይለር፣ ውሃ የሚያፈላው ትልቁ ጋን፣ ከፈነዳ ወራት አለፉ። እኔን ፍንጣሪ እንኳ አልነካኝም። ክንዷ የተቃጠለው አጠገቤ የምትተኩሰው ጓደኛዬ ናት። እሷ ድና ተመልሳ ትቀልዳለች። ያልተቃጠልኩት እኔ በር በሩን አያለሁ። ማበድ እንዲህ ነው የሚጀምረው?

ጥቅምት 8
ልጄ የድስት ክዳን ጣለች። ጮህኩባት። የማላውቀው ድምፅ ነው ከአፌ የወጣው። እራቷን ሳትበላ ተነሳች።

ጥቅምት 11
ለኃላፊያችን ሥራ ላቆም ነው አልኳት። «ጄኔራሏ» ነው የምንላት።
«ተቀመጪ። ማሽኑ ሲተነፍስ ነው አይደል?»
ለካ ሰው ሁሉ ያያል።
«ነገ ጤና ጣቢያ ትሄጃለሽ። ስለ መልቀቅ ከዚያ በኋላ እናወራለን።»
ይህን ሥራ ብተው ምን እሆናለሁ? ሌላ የማውቀው የለኝ።

ጥቅምት 12
ነርሷ ልጄን ታክላለች። ሁሉን ነገርኳት። በየሌሊቱ የማየውን የፍንዳታ ሕልም፣ ድንጋጤውን፣ ልጄ ላይ መጮሄን...
«አላበዱም፣ እትዬ። ሰውነትዎ አደጋው ማለፉን ገና አላመነም።»
«ሳልቃጠል?»
«ማየትም ያቆስላል እኮ።»
ሳሙና ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ስለዚህ ሕመም አንብቤ ነበር። የወታደር ብቻ መስሎኝ! ስሙ ረጅም ነው፣ ግማሹ ጠፋኝ። «ሕክምና አለው» ያለችው ግን አልጠፋኝም። በየሳምንቱ እሄዳለሁ።

ጥቅምት 20
ማሽኑን የሚይዘው ሁሉ እንፋሎቱን ከመልቀቁ በፊት «እንፋሎት!» ብሎ መጮኽ ጀምሯል። አላገጡብኝ ብዬ አኮረፍኩ። ምሳ ሰዓት ፊቴን አዙሬ ተቀመጥኩ።
«ምን ሆንሽ ደግሞ?» አለች ጓደኛዬ።
«መቀለጃ አደረጋችሁኝ።»
«አንቺ ሞኝ! ጄኔራሏን የለመንኳት እኔ ነኝ። የሚጮኹት ለኔም ነው።»
«አንቺ? ስትስቂ አይደል የምትውይው?»
«ባልስቅ አለቅስ ነበራ።»
እጇን ያዝኳት። ጠባሳው ለስላሳ ነው። እንጀራዬን ብቻ ሳይሆን ሰውም የሰጠኝ ቤት ነው... እንዴት ልተወው ኖሯል?

ኅዳር 16
ማሽኑ እንፋሎቱን ሲለቅ፣ ነርሷ እንዳለችው እግሬን ወለሉ ላይ ተክዬ ቀስ ብዬ ተነፈስኩ። አልሆነም፣ ወጣሁ። ግን በሩ ጋ ቆምኩ። ጓደኛዬ መጥታ አጠገቤ ቆመች። አብረን ተመለስን።

ጥር 5
ዛሬ ለልጄ ነገርኳት። ፈሪ እናት አለችኝ እንዳትል ነበር የደበቅኳት። ሰምታ ስታበቃ ትከሻዬ ላይ ተደፋች።
«እኔ እኮ የጠላሽኝ መስሎኝ ነበር፣ እማ።»
ወይ እኔ! ይህን ሳልሰማ ብቀርስ? ዕድሜ ለጄኔራሏ፣ ዕድሜ ለዚያች ነርስ።
«አሁንስ ያስፈራሻል?» አለችኝ።
«አንዳንዴ። አዎ።»
«ታዲያ ነገስ?»
«ነገማ ሥራ እገባለሁ።»