አብኔር ጆሮውን ነካ

ለውድ እኅቴ ለእታለም ተዋበች፣

«ልጆቼ ያለ እኔ ትምህርት እንዴት ጀመሩ?» እያልሽ አዲስ አበባ ሆስፒታል አልጋ ላይ ሳትጠይቂ እንደማትውዪ አውቃለሁ። የናፍቆት ሰላምታችን ከጂንካ ይድረስሽ፤ እኛ ደህና ነን።

ዲግሪዬን ይዤ ሥራ እስካገኝ ቤቱን በፕሮግራም ልመራ ብዬ ነበር። ትምህርት ሊከፈት ሲል ዩኒፎርማቸውን ማታ አጥቤ ጠዋት እርጥብ ሆኖ አገኘሁት፤ የጂንካን ዝናብ ረስቼ! ሰምሃል ሳቀችብኝ።

«አጎቴ፣ ዩኒቨርሲቲ ልብስ ማድረቅ አያስተምሩም እንዴ?» አለችና በከሰል ካውያ ተኩሳ አደረቀችው። ይህችን የሚያህል ልጅ ይህን ሁሉ መቼ ተማረችው?

አብኔርማ አንደኛ ክፍል ገባልሽ! አምና እጁን በአናቱ አሻግሮ ጆሮውን መንካት አቅቶት፣ «ከርሞ ና» ሲባል እንዴት እንዳለቀሰ ታስታውሻለሽ። ዘንድሮ መምህርት ጥሩዬ ፊት ጆሮውን ጥምዝዝ አድርጎ ያዘው። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ሰው አጠገባችን ሆኖ እንዲህ ድምፅ ሳያሰማ ያድጋል?

አሁን በየጠዋቱ እጁን በአናቱ እያሻገረ ይለካል። «እማዬ እስክትመጣ እጄ አንገቴ ጋ ይደርሳል?» አለኝ።

«ቶሎ ስለምትመጣ አይደርስም» አልኩት።

ስደውል የሚያስታምምሽ ጋሼ ጎሳዬ ሁልጊዜ «ተኝታለች» ይለኛል። እንቅልፍ መድኃኒት ነው፤ ተኚ። አምላክ አስታማሚሽንም አንቺንም ይጠብቅልን።

ብቻ አንድ ማለዳ፣ ልጆቹ ከመነሳታቸው በፊት ደውዪልን። ስልኩን ትራሳቸው ሥር አደርገዋለሁ። «ተነሱ፣ ረፈደ!» ብትያቸው ይበቃናል።

ታናሽሽ የአብሥራ