ፍሬኑ ከእናትሽ

ይድረስ ለልጄ፤ በወጣሽበት ሁሉ ሰላም ይከተልሽ፣ ክፉ አይንካሽ። እኛ ደህና ነን። ጣሪያው ከታደሰ ወዲህ ማፍሰሱን ትቷል። እህትሽም ስፌት ቤቷን ከፍታ ደፋ ቀና ትላለች።

በስልክ "እዚህ አገር ሾፌሮቹ ጡሩምባ እየነፉ ከኋላ ያጣድፉኛል፣ ሳላስበው ፊቴ ዘው ይላሉ" ያልሽኝ ከጆሮዬ አልወጣም። አባትሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ መንዳት ሲያስተምርሽ ትዝ ይልሻል? እየተጋፋ የሚመጣውን ሁሉ በመስኮት እጁን አውጥቶ "እለፍ ወንድሜ፣ ሚስትህን ምጥ ይዟት ይሆናል" እያለ ያሳልፍ ነበር። እኔ ደግሞ ከኋላ ተቀምጬ ወለሉን በእግሬ ጥርቅም አድርጌ ስረግጥ፣ "አይዞሽ ልጄ፣ መሪው ካንቺ፣ ፍሬኑ ከእናትሽ" ብሎ ያስቀን ነበር። መኪናዋ ዛሬም ግቢ ውስጥ ቆማለች። እኔ የምረግጠው ቦታ ላይ ምንጣፉ ሳስቷል።

አንቺም ለቸኮለ ልቀቂለት እንጂ እልህ አትጋቢ። እህትሽ ትሳቅብኝ፤ አንቺ ወደ ሥራ የምትነጂበት ሰዓት ሲደርስ አሁንም ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ ወለሉን እረግጣለሁ።

ፈጣሪ መንገድሽን ያቅናልሽ፣ ደግ ደጉን ያገናኝሽ። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ ስትደርሺ "ገባሁ" በይኝ፣ እግሬን ላንሳ።

እናትሽ