ያልተነበበው አሻራ

ሰቆጣ፣ የካቲት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎና ለማከብርዎ እናቴ፣ ለእማሆይ አመተ ማርያም

እማሆይ፣ ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? ከገዳሙ የመጡት ውሃው የሚቀዳው ከገደሉ ሥር ነው ሲሉኝ እሱን እያሰብሁ ከረምሁ። ወጣት መነኩሲቶች ካሉ እነሱ ይውረዱ፤ እርስዎ ከላይ ይቀበሏቸው። እኔ ደህና ነኝ። አክስቴ አበዛሽም ደህና ናት፤ በእርስዎ ጸሎት ሳሏ ተሽሏታል። ይህን ደብዳቤ የሚያደርሱልኝ አባ ወልደ ሐዋርያት ናቸው። ለጧፍ የሚሆን ሰምና ፈትል ሊገዙ መጥተው ነገ ይመለሳሉ። በእጅ መጻፍ ከተውሁ ቆይቻለሁና ፊደሌ ቢንጋደድ ይታገሡኝ።

ስለ ትምህርቴ ጠይቀውኝ ነበር። ዘንድሮ ኮሌጁን እጨርሳለሁ። ጠዋት ክፍል ነኝ፣ ከሰዓት በኋላ ሥራ ላይ ልምምድ እወጣለሁ፣ በመሀል የተማሪውን ስልክ እጠግናለሁ። ከጓደኛዬ ከባንቺ ጋር ደግሞ ለስልክ የሚሆን የቋንቋችንን የኽምጥኛን መዝገበ ቃላት እየሠራን ነው። እስካሁን ዘጠኝ መቶ ቃል አስገብተናል። እርስዎ ፍየሎቹን በዕድሜያቸውና በመልካቸው የሚጠሩባቸው ስሞች ሁሉ ገብተዋል፤ ባንቺ ግማሾቹን ሰምታቸው አታውቅም፣ ከየት አመጣሽው ትለኛለች። የላፕቶፔ ማጠፊያ ተሰብሮ በፕላስተር ታስሯል፤ ባትሪውም ሃያ ደቂቃ አይቆይም። እኔ ግን እወደዋለሁ። ቀኑ አይበቃኝም። አለመብቃቱም ጥሩ ነው፤ ሥራ ሲበዛ ሌላ አይታሰብም።

የምጽፍልዎ ግን ስለዚህ አይደለም። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። እባክዎ ተቀምጠው ያንብቡት።

የምለማመደው በነዋሪዎች ምዝገባ ነው። ሰው ይመጣል፣ ጣቶቹን አሻራ በሚያነበው ማሽን መስተዋት ላይ ያሳርፋል፣ ፎቶ ይነሣል፣ መለያ ቁጥር ይሰጠዋል። የ2012ቱ የእርዳታ ምዝገባም እዚሁ ውስጥ ገብቷል። ቀድሞ የተመዘገበ ሰው እንደገና ሲመጣ ማሽኑ ይጮህና የድሮ ስሙንና ፎቶውን ያወጣል። በየወረዳው ያለው ታብሌት ኔትወርክ ባገኘ ጊዜ ይህን ሁሉ ወደ ሰቆጣ ይልካል፤ እኔ ድጋሚ የመጡትን ዝርዝር አጠራለሁ። አስተባባሪያችን ወይዘሮ ለተሥላሴ ከደሴ ተመድበው የመጡ ናቸው። ቁጡ ናቸው፤ ግን ሥራ ያስተምራሉ።

ጥር በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ፀሐዩ በመስኮቱ እየገባ፣ ዝርዝሩን ወደ ታች ሳወርድ የአንዷለምን ስም አየሁ።

የወንድሜን፣ እማሆይ። ስሙ ከነአባቱ፣ ትውልዱ ጽጽቃ፣ የእናት ስም ከሚለው ፊት ለፊት የእርስዎ የቀድሞ ስም። ፎቶው ያ አቧራ የጠጣ ፊቱ ነው፤ ኮብልስቶን ከሚጠርብበት በቀጥታ ሄዶ የተነሣው። በመጀመሪያው መስመር «ሰሃላ፣ ኅዳር 19» ይላል። ከሥሩ ደግሞ «ጽጽቃ፣ ታኅሣሥ 11»።

ከዘመተ ሦስት ዓመት አልፎታል። አስከሬን ሳናይ ተዝካሩን አውጥተናል። እርስዎም ቆብ የደፉት ሞቷል ብለው ነው። እኔ ግን ያን ቀን ያየሁት መንገዱን ነው። ከሰሃላ ወደ ጽጽቃ፣ ከጽጽቃ ወደ ሰቆጣ። በእግሩ የሚመጣ ሰው መንገድ ነው። ሦስተኛው መስመር የት እንደሚጻፍ አወቅሁት።

ለማንም አልተናገርሁም። ለእርስዎም አልጻፍሁም፤ ምን ብዬ? ከዚያ ወዲህ ሰልፉ ውስጥ ሰው እንደ እሱ በሳለ ቁጥር ቀና እላለሁ። መብራት ሄዶ ስክሪኑ ሲጠቁር የራሴን ፊት አይበታለሁ፤ ከኋላዬ ሰው የቆመ ይመስለኝና ዞር እላለሁ። ሁልጊዜ ግድግዳ ነው። ባንቺ «ከስተሻል» ስትለኝ ፈተና ነው አልኋት።

የካቲት 6 ቀን ሰልፉ ሊያልቅ ሲል አንድ ሰው መጣ። አጭር ነው፤ ግራ እግሩን ይጎትታል። ስሙን ስጠይቀው «ደረሰ» አለኝ። እጁን አሳረፈ። ማሽኑ ጮኸ፤ አንዷለም ስክሪኑ ላይ ወጣ።

«ይኼ አንተ አይደለህም» አልሁት።

ስክሪኑን አየና ጋቢውን ከራሱ ላይ አወረደ፤ ሰው ቤት እንደገባ እንግዳ።

«አይደለሁም። ግን በየሄድሁበት ቀድሞኝ ይገኛል» አለ። «ሰሃላም እንዲሁ ወጣብኝ። ደንግጬ ጥዬው ሸሸሁ።»

«ታውቀዋለህ?»

«ቀብሬዋለሁ።»

እኅቱ ነኝ ስለው ተነሥቶ ሊሄድ ፈለገ፤ እግሩ እንቢ አለው። ወይዘሮ ለተሥላሴ ወንበር አቀረቡለትና በሩን ዘጉልን።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2012 ደረሰ ለድንጋይ ጠራቢዎቹ በአህያ ውሃ ያመላልስ ነበር። አንዷለም ሊመዘገብ ሲሄድ አብሮት ሄደ። የወንድሜን ጣት ድንጋይ በልቶታል፤ ያስታውሱ እንደሆነ ጥጥ ስነካ እንኳ አይታወቀኝም ይል ነበር። ልሙጥ ነው፣ መስመር የለውም። ማሽኑ ስድስት ጊዜ እንቢ አለው። ከኋላ ያለው ሰው ያጉረመርማል። መዝጋቢው ላቡን ሊጠርግ ዞር ሲል ደረሰ ከአንዷለም ጀርባ እጁን አሾልኮ የራሱን ጣቶች አሳረፈለት። ሁለቱም እየሳቁ ወጡ። ደረሰ ራሱ በአገሩ በሰሃላ ሊመዘገብ አስቦ ሳይሆንለት ጦርነቱ መጣ፤ አብረው ሄዱ። እንግዲህ በወንድሜ ስም የተቀመጠው ጣት የደረሰ ነው። ሰሃላ ላይ ያስጮኸው እሱ ነው፣ እኔ ፊትም እሱ ነው።

አሟሟቱንም ነገረኝ። ሁሉንም አልጽፍልዎም። ሁለት ቀን ተሸክሞታል። ወንድሜ ውሃ ለምኖ ጠጥቷል። እርስዎን ጠርቷል። ከሰሃላ በላይ በአንድ ሸንተረር፣ ከወይራ ሥር፣ በሳንጃና በእጁ ቆፍሮ ቀበረው። «ፊቱን አይተኸዋል?» አልሁት፤ ለምን እንደጠየቅሁ አላውቅም።

«እኅቴ፣ ዓይኑን የከደንሁት እኔ ነኝ» አለኝ። «ለምን አልመጣህም ብለሽ አትጠይቂኝ እንጂ። እሱ ቀርቶ እኔ ተመለስሁ ብዬ በየትኛው አፌ?»

ስልኬ ላይ የሳተላይቱን ካርታ ከፍቼ ሰጠሁት። ሸለቆውን በጣቱ እየተከተለ ወጣ ወጣና አንድ ቡናማ ቦታ ላይ ቆመ። መዝግቤዋለሁ። ከፋሲካ በኋላ አብረን ልንሄድ ተቃጥረናል።

ወይዘሮ ለተሥላሴ ሲሸኙኝ፣ «ይህ ሰው የራሱን ስም እንዲያገኝ የወንድምሽ መዝገብ መዘጋት አለበት። ከቤተሰብ አንድ ሰው ሞቷል ብሎ ይፈርማል። አላጣድፍሽም ልጄ» አሉኝ። ደረሰ ያለ ቁጥር እርዳታም ሥራም አያገኝም። በሕይወት ያለ ሰው ነው። ማክሰኞ ፈረምሁ። የአንዷለም ፎቶ ደብዝዞ ግራጫ ሆነ፤ ሲስተሙ እንዲህ ነው የሚያደርገው። የዚያን ቀን አለቀስሁ፣ እማሆይ። ደግሞም ቀለለኝ። እንቅልፍ ወሰደኝ።

ሐሙስ ዕለት ደረሰ ወረቀቱን ሊወስድ መጣ። እስከ በሩ ስሸኘው፣ ለወሬ ያህል፣ «ጽጽቃ ላይስ ለምን ሞከርህ?» አልሁት።

«ጽጽቃ?» አለኝ። «ጽጽቃን አልረገጥሁም። በእናንተ ደጅ ለማለፍ ድፍረት ከየት አመጣለሁ? በሌላ በኩል ዞሬ ነው የመጣሁት።»

ተመልሼ ዝርዝሩን ከፈትሁ። ያን ጊዜ ስምና ቦታውን ብቻ አይቼ ነበር፤ የመስመሩን ጫፍ አላነበብሁም። የሰሃላው «አሻራ ተመሳስሏል» ይላል። የጽጽቃው እንዲህ ይላል፤ «አሻራ አልተነበበም። በስም ተፈልጎ የተገኘ።»

ጽጽቃ የሚመዘግበው በዛብህ የሚባል ልጅ ነው፤ ከጎንደር የተመደበ፣ እኛን አያውቅም። ደወልሁለት።

«አስታውሰዋለሁ» አለኝ። «ረጅም ሰው ነው። ስድስት ሰዓት ላይ መጣ፤ ሌላው ሁሉ ገበያ ስለሄደ ብቻዬን ነበርሁ። ጣቱ ልሙጥ ነው፣ ደጋግሜ ብሞክር እንቢ አለኝ። ስሙን ነገረኝ፤ ፎቶው ወጣ። ራሱ ነው።»

«ምን አለህ?»

«ምንም አልፈለገም። እነዚያ ቤት ማን አለ ብሎ በእጁ አሳየኝ። ስለ ቤቱ ሰዎች ሲያወሩ ሰምቻለሁ፤ ማንም የለም፣ እናትየው መንነዋል፣ ልጅቱም ወጥታለች አልሁት። እሺ አለና ሄደ። ምነው፣ ምን ሆነ?»

አመስግኜው ስልኩን ዘጋሁ።

ወይዘሮ ለተሥላሴ አስመሳይ ነው ይላሉ፤ በሞተ ሰው ስም እርዳታ የሚፈልግ። ይሆናል። ነገር ግን አስመሳይ ቤት ማን አለ ብሎ ይጠይቃል? ለደረሰ ደውዬ ስነግረው፣ «አፈሩን ያለበስሁት እኔ ነኝ» አለ። ሁለተኛ ስደውል አላነሣም።

ቅዳሜ ከነጋ በመኪና ጽጽቃ ሄድሁ። የአጥሩ እሾህ እንደነበረ ነው። ጓጉንቸሩ ዝጎ ዘይት አፍስሼ ነው የከፈትሁት፤ ማንም አልነካውም። ውስጡም እርስዎ እንደተዉት ነው፤ አቧራ ብቻ። ጠረግሁ። መደቡን ለቀለቅሁ። ስድስት ሰዓት ገደማ ደፉ ላይ ተቀምጬ መዝገበ ቃላቱን እየሠራሁ ሳለ ነፋሱ ቀጥ አለ። ከዚያ በአጥሩ ውጭ የሰው እርምጃ ሰማሁ። የማይቸኩል፣ ከባድ እርምጃ። ከመግቢያው አጠገብ ደርሶ ቆመ።

«ማን ነው?» አልሁ። ሰው ሲተነፍስ የሰማሁ መሰለኝ።

«ግቡ፣ ሰው አለ» አልሁ።

እርምጃው አጥሩን ዞረ፤ ቀስ ብሎ፣ ቤቱን አንድ ጊዜ ዙሪያውን፤ ከዚያ አልሰማሁትም። ወጥቼ ሳይ ቁልቁለቱ እስከ ታች ባዶ ነው፤ ማሽላ የታጨደበት ሜዳ፣ የሚደበቁበት ቁጥቋጦ እንኳ የለውም። አልፈራሁም ብል ሐሰት ነው። ግን አልሮጥሁም። በሩን ክፍት ትቼ እስኪመሽ ቆየሁ።

ከትናንት በስቲያም ሄጄ ነበር። ማንም አልመጣም። አሁን በየቅዳሜው እሄዳለሁ፤ የቤቱ ጭስ ከመንገዱ እንዲታይ እሳት አነድዳለሁ። ወይዘሮ ለተሥላሴን መዝገቡ እንደገና ይከፈት እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «ሞቷል ብለሽ የፈረምሽው አንቺ ነሽ፤ ምን አይተሽ ነው በሕይወት አለ ብለሽ የምትፈርሚው?» አሉኝ።

እማሆይ፣ ለመመለስ አይደለም የጻፍሁት። የገቡበትን ኪዳን አውቃለሁ፤ እኔም አድጌአለሁ፣ ሥራም አላጣሁ። ለማወቅ ያህል ብቻ፣ ወደ ጽጽቃ መኪና የሚገኘው ረቡዕና ቅዳሜ ነው፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ሳይሞላ ከመናኸሪያው ይነሣል፤ ከሾፌሩ አጠገብ ያለው ወንበር ለጉልበት አያስቸግርም።

አንድ ነገር ብቻ በአባ ወልደ ሐዋርያት እጅ ይጻፉልኝ። ሌሊት በጸሎት ስም ሲጠሩ አንዷለምን ከሕያዋን ጋር ነው ወይስ ከሙታን ጋር የሚጠሩት? እኔ ሁለቱንም ሞክሬ በሁለቱም አፌ ይያዛል። አንቺ ባልሽው እጸናለሁ፣ እማዬ።

በረከትዎ ይድረሰኝ፤ ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎ።

ልጅዎ
ቤዛ