ምንም የማይነካው ሲዲ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 18 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ ጭሮ

ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ የምትተይበው ዘይነባ ቫይረስ ስላስቸገራት፣ በዊንዶውስ ፈንታ የሚሠራውን ነጻ ሊኑክስ እንድትሞክረው ሲዲ ሰጥቻት ነበር። «መጫን አያስፈልግም፤ በሲዲው ብቻ አስነሺው። ኮምፒውተርሽን ምንም አይነካም» አልኳት። ሰው እንዳይፈራ ለሁሉም የምለው ይህንኑ ነው።

ዛሬ ኦቦ አህመድ ከቦርደዴ መጥተው እየነገሯት የመሬት ይግባኛቸውን ተየበችበት፤ ሴቭም አደረገች። ሊኑክሱ ግን ፕሪንተሩን አላውቀው አለ። በዊንዶውስ ላትመው ብላ አጥፍታ አስነሳችው። ጽሑፉ የለም። በሲዲው የተነሳ ኮምፒውተር ሲጠፋ የተሠራበትን ሁሉ ይረሳል። ፍላሽ ላይ አስቀምጪ አላልኳትም፤ ነገሩን ላቀልላት ስል ይቺን ዘለልኳት።

ስትጠራኝ ሮጬ ደረስኩ። ግን ምን ላድርግ? እንደ አዲስ ልትጀምር ስትል መብራት ሄደ። መዝገብ ቤቱ በእጅ የተጻፈ አልቀበልም አለ። እስኪዘጋም መብራት አልመጣም። የይግባኙ ቀን ደግሞ ዛሬ አበቃ።

ዘይነባ አልተቆጣችኝም፤ እሱ ባሰብኝ። ሲዲውን በፌስታል ጠቅልላ መለሰችልኝ። ኮምፒውተሩ እንዳልተበላሸ፣ የድሮው ሥራዋ ሁሉ በቦታው እንዳለ ለኦቦ አህመድ ላስረዳ ሞከርኩ። እስክጨርስ በትዕግሥት ሰሙኝ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉኝ። «የእናንተው ሁሉ ካለ፣ የእኔ ብቻ የት ሄደ?»