የቀሩትን ፈላጊዋ እትዬ ለምን

እትዬ ለምን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከመምህርት እናታቸው በ1941 ዓ.ም. ተወለዱ። አፍ ከፈቱ ጀምሮ በጥያቄ መቆሚያ መቀመጫ ስላሳጡ ቤተሰቡ ይህን ቅጽል አወጣላቸው፤ እስከ መጨረሻውም አልለቀቃቸውም።

እትዬ ለምን ተማሪ ሳሉ አባታቸው ክር በመርፌ ቀዳዳ መሰካት እየቻሉ፣ ከጎናቸው ያለው በርጩማ ግን አልታይ እያለ ያደናቅፋቸው ጀመር። ቀስ በቀስ የዓይን ብርሃናቸው ጠፋ። አብረዋቸው ልብስ የሚሰፉት የአባታቸው ወንድም ዓይን ግን ደህና ነበር። እትዬ ለምን ይህ ነገር ከነከናቸው።

በ1964 ዓ.ም. በነርስነት ተመርቀው በዓይን ክሊኒክ ተቀጠሩ። በ1967 ዓ.ም. ከሬዲዮ ጠጋኙ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶች ልጆች አፈሩ። ባለቤታቸው ግን «ያገባችኝ መነጽሬ አጓጉቷት ነው» ይላሉ።

በ1977 ዓ.ም. የከተማውን ነዋሪዎች በየአምስት ዓመቱ እየመረመረ አባታቸውን ላሳወረው የዓይን ግፊት በሽታ የሚያጋልጠውን የሚያጠና ቡድን ሲቋቋም አስተባባሪ ሆኑ። የደም ግፊት፣ ስኳር፣ ሲጋራ፣ የዘመድ ሕመም፣ ሁሉም ይመዘገብ ነበር። በአራተኛው ዙር ወላጆቻቸው የታወሩባቸው ሰዎች ከሌላው የተለየ ሥጋት እንደሌለባቸው ታየ። ለእሳቸውና ለልጆቻቸው ከዚህ የሚበልጥ የምሥራች አልነበረም። ሆኖም ደስታው አልዋጥላቸው አለ፤ ለምርመራ ያልመጡትስ ለምን ቀሩ?

ባልደረቦቻቸው «የቀረ ቀርቷል» ቢሏቸውም በር ለበር ዞሩ። አንድ ጡረተኛ ሾፌር፣ እናታቸውም ማየት የተሳናቸው፣ «እህቴ፣ ማን መርቶኝ ልምጣ? ደጄ እንኳን ከጠፋብኝ ቆየ እኮ» አሏቸው። ከቀሩት ብዙዎቹ እንደ ሾፌሩ ወላጃቸው የታወረባቸው፣ ራሳቸውም የታወሩ ነበሩ። እነሱም ተቆጥረው ስሌቱ ሲታረም በሽታው በዘር እንደሚከተል ታወቀ። እትዬ ለምን በዚያ ቀን አለቀሱ።

ከዚያ ወዲያ ልጆቻቸውን እየጨቀጨቁ በየዓመቱ ያስመረምሩ ነበር። በ2004 ዓ.ም. የታላቋ የዓይን ግፊት ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ጉዳት ሳያደርስ በጠብታ መድኃኒት ተያዘ። አጎታቸው ከበሽታው ለምን እንደተረፉ ግን ሳይገባቸው ቀረ፤ ይህም እስከ መጨረሻው ያናድዳቸው ነበር።

በልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ ነርሶቹንም በጥያቄ እያደከሙ፣ መጋቢት 11 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ75 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና አራት የልጅ ልጆቻቸው በሐዘን ላይ ናቸው። ይህን የሕይወት ታሪክ ቆማ የምታነብላችሁ ታላቋ ልጃቸው ናት።

የቀረውን ሁሉ ሲፈልጉ የኖሩትን እናታችንን ፈጣሪ በብርሃኑ ይቀበልልን።